ሲስተር አስናቀች የቀነሱት ኃይል

ሲስተር አስናቀች የተቀበሩ ዕለት ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ ዋለ። አንዷ ጎረቤት መርፌ ሲወጉ ጨርሶ እንደማያሳምሙ ተናገረች። ሌላው ሰውዬ የልጁን ትኩሳት አንድ ክረምት እንዴት ቁጭ ብለው እንዳበረዱለት አነሳ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር አሉና፣

"አንተስ ልጄ፣ በምን ትተዋወቁ ነበር?" አሉኝ።

"ጨዋታ እንጫወት ነበር" አልኳቸው።

"አዬ አስናቀች! ጨዋታማ ያውቁበት ነበር" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወሬ ማለቴ መስሏቸዋል። አላረምኳቸውም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ነርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ወጣቶች ጋር ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ተቀምጠው የሌለ ሰው ሆነው ይጫወቱ ነበር ብዬ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከየት ልጀምርላቸው? እዚህ ግን ልጀምረው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎፋ ነው። ባለቤቱ ሳምሶን የድሮ ጓደኛዬ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለችው፤ የወረቀት ካርቶን ይከምርባታል። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ካርቶኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። ሌላው ሰው ሮል ፕሌይ ይለዋል፤ እኛ "ጨዋታው" ነው የምንለው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል። ሳምሶን ታሪኩን ይመራል፤ እኛ ደግሞ በገጸ ባሕርያችን አፍ እየተናገርን ታሪኩን አብረን እንሠራዋለን።

ታሪካችን "ዝም" በምትባል ከተማ ውስጥ ነበር። ጭጋግ ወርዶባት፣ ጭጋጉ ሲገፈፍ ነዋሪዎቿ መተዋወቅ ያቆሙባት ከተማ። እናት ልጇን "የማን ልጅ ነህ?" የምትልባት። እኛ ምክንያቱን ልናጣራ የተላክን መንገደኞች ነበርን። ፋርማሲ የምትሠራው ሩት፣ ድምጿ የተቆለፈ በር የሚከፍት ዘፋኝ ነበረች። የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራው ብሩክ ብረት በእጁ የሚያጣምም ቀጥቃጭ ነበር፤ ሳቂታና ቀልደኛ፣ ከሁላችንም ትንሹ እሱ ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ በጨዋታው በጭጋግ ውስጥ የሚያይ መንገድ መሪ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ሳምሶን እየተረከ ነው። "በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ቆማ አየቻችሁ። ዓይኗ ላይ ምንም የለም…" ሲል መጋረጃው ተገለጠ። አጠር ያሉ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ሁለት እጃቸውን በሰማያዊ ሹራባቸው ኪስ የከተቱ ሴትዮ ቆመዋል። የጡረታ ወረቀት ኮፒ ለማድረግ መጥተው ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ሠራተኛው እስኪያላቅቀው ይጠብቁ ነበር።

"ሴትዮዋ ፈርታ ነው ወይስ ረስታ?" አሉ።

ተያየን። "ምን አሉኝ እማማ?" አለ ሳምሶን።

"በር የከፈተችው ሴትዮ። ዓይኗ ላይ ምንም የለም ብለሃል እኮ። የረሳ ሰው ዓይን ይፈልጋል፣ ይቅበዘበዛል። ምንም የማይታይበት የፈራ ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ አልረሳችም። ታውቃችኋለች።"

ሳምሶን አፉን ከፍቶ ቀረ። የዝም ሰዎች አልረሱም፤ መተዋወቅን ፈርተው ነው። ያ የታሪኩ ምስጢር ነበር፤ ለማናችንም አልነገረንም ነበር። ለሦስት ወር ስንፈልገው የቆየነውን ሴትዮዋ ማሽን እስኪጠገን በመጋረጃ ሰምተው አወቁት።

"እኔስ መጫወት እችላለሁ?" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለመስመር ደብተር ይዘው መጡ። ሲገቡ ማንንም አልጨበጡም። እጃቸው ከኪሳቸው ሳይወጣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉን። ሁሌም እንዲህ ናቸው። የሰፈር ሰው ኩራት ይለው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኛ አንቱ ስንላቸው፣ "ስጫወት አንቺ በሉኝ፤ ስነሣ አንቱ ትሉኛላችሁ" አሉ። እንደዚያው ሆነ።

"ልጅቷ ወለላ ትባላለች" አሉ ደብተሩን ገልጠው። "ኃይሏ፣ የሰው ስሜት ይሰማታል።"

ሳምሶን ጭንቅላቱን አከከ። "ሲስተር፣ ይሄ ይከብዳል። የሁሉ ሰው ስሜት ከተሰማት ዋሾው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ቀን ታውቃለች። ታሪኩ እዚያው አለቀ። እነዚህስ ምን ሊሠሩ ነው? በኛ ጨዋታ ያለ ልክ የሚገባ ኃይል የለም። ዋጋም ሊኖረው ይገባል።"

ሰው የፈጠረውን ሲቀንሱበት ይከፋዋል። ብሩክ ብረት ማጣመሙን በቀን ሁለቴ ብቻ ነው ስንለው አንድ ሳምንት አኩርፏል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁና ሳምሶንን ትክ ብለው አዩት።

"ልክ ይበጅለታል?"

"አዎ እንጂ።"

"ማነው የሚያበጀው?"

"እኛው ነን። እዚሁ።"

"እስቲ እናብጅለት" አሉ። ደብተሩን ወደ ሳምሶን ገፉለት።

ቀኑን ሙሉ እሱን ስንሠራ ዋልን። መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይሁን አሉ፤ እጅ ለእጅ ካልተያያዙ ምንም እንዳይሰማት። ብሩክ ትንሽ ሊጨምርላቸው ፈልጎ፣ "ቢያንስ ስታየው እንኳ ትንሽ አይሰማትም?" አለ።

"አይሰማትም። መንገድ ስትሄድ ምንም አይሰማት። ታክሲ ውስጥ ምንም አይሰማት። ወረፋ ላይ ምንም አይሰማት" አሉ። ሕግ የሚያወጡ ሳይሆን ጸሎት የሚያደርሱ ነበር የሚመስሉት።

ቀጥለው ሳትጠይቅ አትነካም አሉ፤ ሰውዬው ፈቅዶ ካልሰጣት ቢነካካትም ባዶ ይሁን። ደግሞ ስሜቱን እንጂ ምክንያቱን አታውቅም፤ ፍርሃት ከሆነ ፍርሃት መሆኑን ብቻ። ሩት፣ "ታዲያ ምን ይጠቅማታል?" አለች።

"ምክንያቱን ራሱ ይንገራታ። የሰው ሆድ የሰው ነው።"

"ዋጋውስ?" አለ ሳምሶን።

"የወሰደችው ነገር ፀሐይ እስክትጠልቅ እላይዋ ይቆይ። እስከዚያ ሌላ ሰው መያዝ አትችልም።"

ሩት ሆደ ቡቡ ናት። "ሕመሙን ወስዳ መጣል ብትችልስ? ሰው ትፈውሳለች" አለች።

"የት ነው የሚጣለው?" አሏት ሲስተር።

የምር ነበር የጠየቋት።

ሳምሶን የተጻፈውን አነበበና "አሁን ተመጣጥኗል" አለ። ከኛ ኃይል ሁሉ ይልቅ የእሳቸው አነሰ። ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ግን እጁን በእስክሪብቶ ገፋ አደረጉት።

"አንድ ቀረ። የያዘችው ሰው ሞት የቀረበው ከሆነ ስሜት አይመጣላትም። ብርድ ነው የሚመጣላት። የቆዳ ብርድ አይደለም። ቆዳው ይሞቃል።"

"ይሄ ኃይል ነው ወይስ ድክመት?" አለ ሳምሶን።

"እኔ እንጃ። ካልተጻፈ ግን ልክ አይሆንም።"

ወዲያው መብራት ጠፋ። ከውጭ ሲያጉረመርም የዋለው ማሽን ቀጥ አለ። ጎፋ ላይ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ ብሩክም ቀልዶበታል። ሳምሶን በስልኩ ብርሃን የብርዱን ነገር ሲጽፍ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

መጫወት ሲጀምሩ አንድ ልማድ አመጡ። ወለላ የአንዳችንን ገጸ ባሕርይ ልትይዝ ስትፈልግ እሳቸው ራሳቸው ቀኝ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረግ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ፤ "እችላለሁ?" ይላሉ። የተጠየቀው ከፈቀደ እጁን ያስቀምጥላቸዋል። ዓይናቸውን ይጨፍኑና ትንሽ ቆይተው ይናገራሉ። የሚናገሩት ሁልጊዜ ስለ ገጸ ባሕርይው ነው። "ይህች ዘፋኝ መዝፈን ደክሟታል። ደስ የሚላት ሌላ ሰው ደስ ሲለው ነው" አሉ፣ የሩትን እጅ ይዘው።

ሩት ተነሥታ ወጣች። ደጅ ተከትያት ስወጣ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ መዘምራን ውስጥ የቆየችው ለእናቷ ብላ እንደሆነና ልትተወው ከፈለገች ዓመታት እንዳለፉ ነገረችኝ። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የእኔም ተራ ደረሰ። "ይሄን መንገድ መሪ ከፊቱ ካለው ይልቅ ከኋላው ያለው ያስፈራዋል" አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። በዚያ ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ከተዘጋጋን አሥራ አንድ ቀናችን ነበር። እጄን ስመልስ ላብ አጥምቆኛል።

እኔም ለቡ ስለሆንኩ አብረን ነበር በሚኒባስ የምንመለሰው። የዚያን ቀን መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። ሳያቸው የግራ ጉንጫቸውን ከውስጥ በኩል ነክሰው ይዘዋል። እኔ የምነክሰው ጉንጭ ነው። ቤቴ ደጃፍ ስደርስ፣ ቁልፉን ከማውጣቴ በፊት የምነክሰው። እሳቸው ይህን እንዴትም ሊያዩ አይችሉም። ፊታቸው የእሳቸው ሆኖ ድካሙ ግን የእኔ ነበር፤ ሌላ ሰው እኔን ተሸክሞ ከጎኔ የተቀመጠ መሰለኝ። የሚገርመው እኔን ቅልል ብሎኝ ነበር። ቤት ስገባ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሌላ ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። "ሲስተር፣ ይሄን ኃይል ከየት አመጡት?"

"አላመጣሁትም" አሉ። "ቀነስኩት።"

ፊቴን ወደ እሳቸው አዞርኩ።

"እዚያ ክፍል ውስጥ አርፋለሁ። ልክ አለዋ! ሳይፈቀድላት አይገባባትም፤ ሲመሽ ይለቃታል። ይሄን ብቻ ነበር የምፈልገው። ልክ የሌለው ምን እንደሚመስል አትወቀው፤ አይጠቅምህም።" ከዚያ ረዳቱ መልስ ሲዘረጋላቸው "ለእሱ ስጠው" ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

ይህን ሁሉ ባዮሎጂ አስተማሪው እኔ እንዴት ተቀበልኩት? ለራሴ መልስ ነበረኝ። ነርስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የልብ ምት ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ጣታቸው የሰው ላብና ትርታ ለምዷል፤ ዓይናቸው ፊት ያነባል። አሁንም ይህን መልስ አልጣልኩትም። የጉንጩን ነገር ግን አይፈታልኝም።

የብሩክ ቀን ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየተጯጯህን ነበር የምንጫወተው። በታሪኩ ቀጥቃጩ ብቻውን ወደ ጭጋጉ ሊገባ ፈልጓል፤ ወለላ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ልትይዘው ጠየቀች። ሲስተር እጃቸውን ዘረጉ። "እችላለሁ?"

"ይቻላል!" አለ ብሩክ፣ እጁን ጧ አድርጎ አስቀመጠላቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወትሮው ቆዩ። ከንፈራቸው ቀስ እያለ ቀለሙ ተለወጠ፤ ሰማያዊ ሆነ ብል አላጋነንኩም። ሩት ጉልበቴን በጠረጴዛው ሥር ያዘችኝ። ሲስተር ዓይናቸውን ሲገልጡ ብሩክን አላዩትም።

"ምንድነው? ምን ተሰማት?" አለ ሳምሶን።

"ዛሬ… አልሠራም በለው።"

ብሩክ ግን ገብቶታል። "ብርድ ነው አይደል? ቀጥቃጩ ሊሞት ነው! ሳምሶን፣ ገደልከኝ በቃ!" ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። ሲስተር ቀኝ እጃቸውን በግራ ብብታቸው ሥር ከትተው እስክንነሣ ድረስ አላወጡትም።

ወደ ታክሲው በጭቃው እየሄድን ዣንጥላውን እኔ ይዤላቸው ነበር። እንዲህ ብለው ነገሩኝ። ወጣት ነርስ ሳሉ ክፍለ ሀገር፣ አንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ይሠሩ ነበር። አንዲት እናት በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ልጅ። ግፊቷ ደህና፣ ትርታዋ ደህና፣ ደም አይፈሳት። ከፈረቃ ሊወጡ ሲሉ ሴትዮዋ ልታመሰግናቸው እጃቸውን ያዘቻቸው።

"ብርድ" አሉ። "እጇ ይሞቃል፤ ግን ብርድ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ዶክተሩን ልጥራ? ምን ብዬ? ካርዷ ላይ ምን ልጻፍ፣ በረደኝ? ዝም ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ስገባ አልጋው ተነጥፏል።"

ዝናቡ ዣንጥላው ላይ ይወርዳል።

"ከዚያ ወዲህ ሦስቴ መጥቶብኛል። ሦስቱም በጠና የታመሙ ነበሩ፤ ሊሞቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የምናገረው አልነበረኝም። ይሄ ግን ጤነኛ ነው። ዛሬ ዝም ካልኩ ሁለት ይሆኑብኛል።"

"ሲስተር፣ ጨዋታ እኮ ነው" አልኩ።

"ለእናንተ" አሉ።

በማግስቱ ለብሩክ ደወሉለት። ሳቀባቸው። በነጋታውም ደወሉ፤ ስልኩን ዘጋባቸው። ሦስተኛው ቀን ቤቱን አፈላልገው ነፋስ ስልክ ሄዱና እናቱን አገኟቸው። ምን እንዳሏቸው አላውቅም። ለእናቱ ብቸኛ ልጃቸው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን ከዓይናቸው አላወጡትም። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አዞሩት፤ ጠበል ወሰዱት፤ ሥራ ቦታው ድረስ እየመጡ ደጃፍ ተቀመጡ። ለሁለት ሳምንት ጨዋታ አልነበረም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ብሩክ መጋረጃውን በርግዶ ገባ። የራጅ፣ የደምና የልብ ምርመራ ወረቀቶች ሲስተር ፊት ወረወረ።

"ያንብቡት! ነርስ አይደሉ? ያንብቡት! ምንም የለብኝም! እናቴን ግማሽ አድርገው ገደሏት እኮ! እንደ ሕፃን ስትጠብቀኝ ከረመች። ስንት ነገር እንዳበላሹብኝ ያውቃሉ? አያውቁም!"

"ብሩኬ፣ ቀስ በል" አለ ሳምሶን።

ሲስተር መነጽራቸውን አስተካከሉና ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ቁጥሩን ሳይቀር በጣታቸው እየተከተሉ። የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልነሣ ስል ቀና አሉ። ይስቃሉ። ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

"ተሳስቻለሁ!" አሉ። "ተመስገን፣ ተሳስቻለሁ! ብሩክ ልጄ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ይቅር በለኝ። ልብህ እኮ የፈረስ ልብ ነው! ምንም አልነበረም። ምንም!"

ብሩክ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። ግራ ተጋብቶ ቆመ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ሩትም መምጣቷን እያሳሳች ተወችው። ሳምሶን ጠረጴዛውን ለሌላ ሥራ ፈለገው። ዝም የምትባለው ከተማ እንደ ጨነገፈች ቀረች።

የሲስተርን ለውጥ ግን በሰፈሩ ያላየ የለም። እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ። ረዳቱን ጨበጡ፤ ዘበኛውን፣ የአትክልት ሻጯን፣ ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ። የጎረቤት ሕፃን ተቀብለው ያቅፋሉ። ሲጨብጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይሆን ፈጥጠው ነው፤ "ይኸው፣ ምንም" የሚሉ ይመስላሉ። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ አጥር ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

"ታውቃለህ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴ ያመጣሁት ቅዠት ነው። አፍላ ነርስ ነበርኩ፤ ፈራሁ፤ ከዚያ ፍርሃቴን ኃይል ነው ብዬ ተሸከምኩት። ያቺ ሴትዮ እጇ እንደ ማንም እጅ ነበር። ማንም ሊያውቅላት አይችልም ነበር" አሉኝ። እጄን ይዘው ነበር ይህን የሚሉት፤ ሳይጠይቁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከአራት ወር በኋላ ታመሙ። ሆዳቸው ውስጥ እባጭ ተገኘ፤ ሐኪሞቹ ከፍተው አይተው መልሰው ሰፏቸው። ሳምሶን ይህን ሲሰማ፣ "ያን ቀን ብርዱ የማን ነበር? ሁለት እጅ ነበር እኮ የተያያዘው" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይነግራቸው አስማልኩት። እሳቸው ሕመማቸውን እንደ ነርስ ተቀበሉት። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ እየጨበጡ፣ መድኃኒታቸውን ራሳቸው እየቆጠሩ፣ በሰላም ተኝተው ነበር።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ብሩክ ደወለልኝ። ሊያያቸው እንደሚፈልግ ነገረኝና ጎፋ ተገናኘን። ከስቷል። ታክሲ ስንጠብቅ ነው የነገረኝ።

"ያኔ ልሄድ ነበር" አለ። "በሱዳን፣ ከዚያ በሊቢያ። ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር ጨርሰን ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። ልንሄድ አምስት ቀን ሲቀረን ሲስተር ቤት መጡ። እናቴ ያዘችኝ፤ ሽንት ቤት እንኳ ስገባ በር ላይ ትቆማለች። እነሱ ሄዱ። ያን ቀን የጮህኩባቸው ለዚያ ነው።"

"ልጆቹስ?"

"ጀልባ ላይ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት መርዶ ተረዳን። ሁለቱም።" አፉን በእጁ ጠረገ። "ልንገራቸው ወይስ ይቅር? ታመዋል አሉ።"

ይህን ነው ለራሴ ይቅር ለማለት ያቃተኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። "ንገራቸው" አልኩት። "ሕይወትህን አተረፉ እኮ። ደስ ይላቸዋል።"

ሦስተኛ ፎቅ ነው ቤታቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ አልጋቸው ላይ ወድቋል። ብሩክን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ያዛቸው፤ እንደዚያው እንደያዘ ሁሉንም ነገራቸው። መንገዱን፣ ልጆቹን፣ ጀልባውን። "ትክክል ነበሩ፣ ሲስተር" አላቸው። "አልተሳሳቱም። እኔ ነበርኩ ሟቹ። እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ…" ለቅሶው አላስጨረሰውም።

ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ደስታውን እጠብቃለሁ። ብርሃኑ ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁ፤ መጀመሪያ ከከንፈራቸው፣ በመጨረሻ ከዓይናቸው። ምን እንዳደረግን ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል።

ብሩክን ራሱን ዳበሱት። "ተመስገን" አሉት። "እንኳን ቀረህ። ለእናትህ አንድ ነህ። እንኳን ቀረህልኝ።" ከልባቸው ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎን ቀስ ብለን ልንነሣ ስንል ተናገሩ።

"አማረች ነበር ስሟ" አሉ። "ያኔ የወለደችው ልጇ አሁን አርባ ዓመት ሊሆነው ነው።"

ደረጃውን ስንወርድ ብሩክ ቀሎት ነበር፤ ሁለት ሁለት ደረጃ ይዘላል። ታች ደርሶ ጠበቀኝና፣ "አማረች ማናት?" አለኝ።

"እኔ እንጃ" አልኩት። "ዘመዳቸው ትሆናለች።"